ዐይነ ስውር ባዝራ ከነጓደኞቿ ስትዛወር

አራዳ የተመሠረተው በጋማ ከብት ዘመን ነው። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ ይቆም የነበረው ትልቁ ገበያ በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ አዲስ ከተማ፣ ማለትም ወደ ዛሬው መርካቶ እስኪዛወር ድረስ፣ ከእህሉና ከአሞሌው ጋር ፈረስና በቅሎ የሚሸጥበት፣ ባላገሩና መኳንንቱ እንስሳቱን አስሮ ጉዳዩን የሚፈጽምበት ቦታ ነበር። መሪዎችና የጦር አለቆች በፈረስ ስማቸው አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው፣ አባ ነጋ እየተባሉ በተጠሩባት አገር፣ በ1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓሉ ዋዜማ በአራዳ የተመረቀው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልትም ንጉሠ ነገሥቱን በፈረስ ላይ እንዳሉ ማሳየቱ የሚጠበቅ ነበር። ይህ የሐውልት ፈረስ ራሱ በወራሪው ጦር ከቦታው ተነቅሎ ተቀብሮ የቆየና ከነጻነት በኋላ ወደ አደባባዩ የተመለሰ በመሆኑ፣ በአራዳ ስለ ፈረስ መዛወር ሲነሣ መጀመሪያ የሚታወሰው እርሱ መሆኑ አይቀርም።

ሕይወት ያለው ፈረስ ግን ከመሀል ከተማው ከራቀ ቆይቷል። ጋሪ ወደ ዳርቻዎቹ ተገፍቷል፤ እንጦጦ ላይ ለሽርሽር የሚከራዩት ፈረሶች ለአብዛኛው ከተሜ የቀሩት የቅርብ ፈረሶች ናቸው። በ2016 ዓ.ም. በአራዳው ፒያሳና በዙሪያው በተካሄደው የኮሪደር ልማት ብዙ ነዋሪ ከቀደመ መንደሩ ተነሥቶ ወደ ሌሎች ሰፈሮች ሲሄድ፣ ቤቱና ዕቃው ብቻ ሳይሆን ግቢውን የተጋሩት እንስሳትም የሚሄዱበት ቦታ ያስፈልጋቸው ነበር። ከእነዚህ ሁሉ አስቸጋሪው ዝውውር ዐይኗ የጠፋ ባዝራ፣ ማለትም እንስት ፈረስ፣ አብረዋት ከሚኖሩ እንስሳት ጋር የምትዛወርበት ነው። የፒያሳውን የእሪ በከንቱ ሰፈር ቁልቁለት ለሚያውቅ አንባቢ ችግሩን በዐይነ ኅሊና ማየት አያዳግተውም፤ ጠባብ መተላለፊያ፣ ወጣ ገባ ድንጋይ፣ መኪና የማይደርስበት ጓሮ ባለበት ስፍራ፣ የሚያይ ፈረስ እንኳ እግሩን መርጦ ነው የሚያሳርፈው።

ፈረስ የሚታወርበት ምክንያት ብዙ ቢሆንም፣ በሥራ ፈረሶች ላይ ሦስቱ ጎልተው ይታያሉ። አንደኛው ጉዳት ነው፤ ፊት ላይ ያረፈ አለንጋ፣ እሾህ፣ ወይም በትክክል ያልተሠራ ልባብ የዐይኑን ብሌን ያቆስለዋል፤ በጊዜው ያልታከመ ቁስልም ጠባሳ ጥሎ ብርሃኑን ይጋርዳል። ሁለተኛው የዐይን ውስጠኛ ክፍል ደጋግሞ የሚያገረሽ ብግነት ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ሌፕቶስፒራ ከተባለ፣ በአይጦችና በሌሎች እንስሳት ሽንት በተበከለ ውኃ ከሚተላለፍ ባክቴሪያ ጋር ይያያዛል። በዚህ በሽታ የተያዘ ፈረስ ዐይኑ ያነባል፣ ብርሃን ይሸሻል፣ ለጥቂት ቀናት ዐይኑን ጨፍኖ ይቆይና የዳነ ይመስላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ግርሻ የራሱን ጠባሳ ስለሚጨምር በመጨረሻ የዐይን ሞራ ይጋርደዋል ወይም ዐይኑ ይጠወልጋል። ባለቤቱ “ተሻለው” ብሎ ሕክምናውን የሚተውበት ያ የእፎይታ ጊዜ ከሁሉ የከፋው ነው። ሦስተኛው በኢትዮጵያ የጋሪ ፈረሶችን ክፉኛ የሚያጠቃው፣ በሳይንሳዊ ስሙ ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይተስ የተባለው የፈንገስ በሽታ ነው፤ ከቆዳ ሥር በሚያልፉ የሊምፍ ቧንቧዎች ላይ እንደ መቁጠሪያ የተደረደሩ እብጠቶችን እያፈነዳ የሚሄድ ሲሆን፣ ዐይንንና የዐይን ሽፋንን የሚይዝበትም ጊዜ አለ። ከእንስሳ ወደ እንስሳ የሚተላለፍ በመሆኑ፣ የታወረችው ባዝራ የታወረችው በዚህ በሽታ ከሆነ የዝውውሩ ሐሳብ በሙሉ ይለወጣል፤ ስለዚህ ከመኪናው በፊት የሚጠራው የእንስሳት ሐኪም ነው።

ዐይኗን ያጣች ባዝራ ምን እንደቀራት ለመረዳት፣ ፈረስ ሲያይ ምን ያህል እንደሚያይ ማወቅ ይጠቅማል። የፈረስ ዐይን በየብስ ላይ ከሚኖሩ አጥቢ እንስሳት ትላልቅ ዐይኖች አንዱ ነው፤ ዐይኖቹ በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ስለተቀመጡም ከግንባሩ ፊት ለፊትና ከጭራው በስተኋላ ካለው ጠባብ ክልል በስተቀር ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ይቃኛል። አዳኝን ከሩቅ አይቶ በመሸሽ የኖረ እንስሳ ይህን ሲያጣ የሚያጣው መንገድ መምሪያውን ብቻ ሳይሆን የደኅንነት ዋስትናውን ጭምር ነው። ሆኖም ብርሃኑ ቀስ በቀስ የጠፋበት ፈረስ በአብዛኛው ይላመዳል። እያንዳንዱን ጆሮ ለብቻው እያዞረ ድምፅ የመጣበትን አቅጣጫ ይለያል፤ በከንፈሩና በአፍንጫው ዙሪያ ያሉት ረጃጅም ጸጉሮች ግርግሙን፣ አጥሩንና የውኃውን ገንዳ አፉ ሳይደርስባቸው ይነግሩታል፤ ሰኮናው ከረገጠው መሬት ልስላሴና ጥንካሬ የት እንደ ደረሰ ይረዳል። በለመደው ግቢ ውስጥ ያለ ዐይነ ስውር ፈረስ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ አፍንጫውን ወደ መሬት አስጠግቶ፣ ከጋጣው እስከ ውኃው ሳይደናቀፍ ሲሄድ ያየ እንግዳ ብዙ ጊዜ መታወሩን አይጠረጥርም። በሚዛወርበት ቀን የሚፈርሰው እንግዲህ ይህ በወራትና በዓመታት የተገነባ የመሬት ዕውቀት ነው።

ከዚህ ፍርስራሽ ተርፎ ወደ አዲሱ ቦታ ሊጓዝ የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ጓደኛ ነው። ፈረስ በመንጋ የሚኖር፣ ከመንጋው ውስጥም አንድ ሁለት የቅርብ ወዳጅ የሚይዝ እንስሳ ሲሆን፣ የታወረችው ባዝራ በአብዛኛው አንዱን መርጣ በእርምጃው ድምፅ፣ በትንፋሹና በጠረኑ ትመራለች። ጓደኛው የግድ ፈረስ መሆን የለበትም፤ እንዳረጀ ሰንጋ ፈረስ ሁሉ በቅሎ ወይም አህያም ይህን ሥራ ሊሠራ ይችላል። የአንገት ቃጭል የሚታሰርለትም ለመሪው ነው፤ ለታወረችው የሚያስሩት ሰዎች የራሷን ድምፅ እያስተጋቡ የሌላውን እንዳትሰማ ያደርጓታል። የእንቅልፍ ነገርም አለ፤ ፈረስ ቆሞ ማንቀላፋት ቢችልም ጥልቁን እንቅልፍ ለመተኛት መጋደም ይኖርበታል፤ የሚጠብቀው ወገን አጠገቡ ከሌለ ደግሞ ለመጋደም አይደፍርም፤ ውሎ አድሮም በድካም ጉልበቱ ይከዳዋል። ቁርኝቱ ከወዲያኛውም ወገን ነው፤ ከወዳጁ የተለየ አህያ መኖ ሊያቆም ይችላል፤ ይህም ስብ በደሙ ውስጥ ከልክ በላይ ተለቅቆ ጉበቱን የሚጎዳ፣ ለሞትም የሚያበቃ ሕመም ሊያስከትልበት ይችላል። ባዝራዋን ለአንድ ሰው፣ ሰንጋውን ለሌላው፣ አህያይቱን ለሦስተኛ ሰጥቶ “ሁሉም ቦታ አገኙ” ማለት እንግዲህ የሒሳብ እንጂ የእንክብካቤ መፍትሔ አይደለም።

ለብዙ ዐይነ ስውር ፈረሶች የደረሳቸው ዕጣ ግን ከዚህም የከፋ ነው። በኢትዮጵያ ያረጀ በሬ ለሥጋ ይሸጣል፤ የፈረስ ሥጋ ግን በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ዘንድ ስለማይበላ ሥራ ያቆመ ፈረስ ዋጋ የለውም፤ ባለቤቱም ቀለቡን ለመቻል አቅም፣ ለመግደልም አንጀት ሲያጣ መንገድ ዳር ይለቀዋል። ባጃጅ ጋሪን በተካባቸው ከተሞች በአስፋልት መሀል ቆመው የሚታዩት ከሲታ ፈረሶች በአብዛኛው በዚህ መንገድ የመጡ ናቸው፤ ማታ ማታም የጅብ ሲሳይ ይሆናሉ። መልቀቅ ርኅራኄ ይመስላል፤ ለሚያይ ፈረስ እንኳ አጠያያቂ የሆነው ይህ ርኅራኄ ለታወረችው ጭካኔ ነው። መኖሪያ የማይገኝላት፣ ሕመሟም የማይታገሥ ከሆነ በሐኪም እጅ ያለ ሥቃይ እንድታርፍ ማድረግ ከመንገድ ዳሩ እጅግ የተሻለ መሆኑን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል።

አዲስ ቦታ ሲመረጥ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ቢሾፍቱ መጀመሪያ ትታሰባለች። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የሚገኘው እዚያ ነው፤ የፈረስ ክትባት የሚያመርተውም ተቋም እንዲሁ፤ ስፓና የተባለው የብሪታንያ በጎ አድራጎት ድርጅትም ለጋማ ከብት ሕክምና ሲሰጥ የቆየው በዚያው አካባቢ ነው። ይሁንና ከላይ የተገለጸው የፈንገስ በሽታ የሚበረታው ከፍታቸው ከ1500 እስከ 2300 ሜትር በሆነ ሞቃትና እርጥበት ባላቸው አካባቢዎች ሲሆን፣ የጋሪ ፈረስ የሞላባት ቢሾፍቱ በዚህ ክልል ውስጥ ትወድቃለች። ከእንጦጦ ማዶ ያለው የሱሉልታ ሜዳ በአንጻሩ ብርዳም ቢሆንም ለከተማው ድርቆሽ የሚያቀርብ የሣር አገር ነው፤ በዚያው በሰላሌ በኩል ያለው ሕዝብም በፈረስ አያያዝ የታወቀ ነው። ጤናማ ሆና ዐይኗን ብቻ ላጣች ባዝራ ሱሉልታ ይሻላል፤ ሌሊት ሌሊት ጅብ የማያስገባ ጋጣ ካለው። ተከታታይ ሕክምና ለሚያስፈልጋት ግን ከሐኪሙ ደጅ መራቅ አይመከርም።

የመዛወሩ ሥራ ከጉዞው ቀን ሁለት ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ይጀምራል። ከእሪ በከንቱ ዓይነቱ ስፍራ አይሱዙ የጭነት መኪና እስከ በሩ ስለማይገባ፣ ባዝራዋ ከጓደኛዋ ኋላ እየተሳበች መኪናው እስከሚቆምበት ድረስ ያለውን ዳገት በየቀኑ ትለማመደዋለች፤ ሳቢውም እንደ “ደረጃ” ወይም “ቀስ” ያለ አንድ ቃል መርጦ መሬቱ ከመለወጡ በፊት ሁልጊዜ ያንኑ ይናገራል። ሳይናገሩ መንካት ክልክል ነው። በመነሻው ቀን፣ የመኪና ጋጋታ ሳይጀምር ሲነጋጋ፣ መኪናው የኋላ ጠርዙ ከአፈር ቁልል ወይም ከግንብ እኩል እንዲሆን ተደርጎ ይቆማል፤ ወለሉ እንዳያንሸራትት ጭድ ይነጠፍበታል። አስቀድሞ የሚወጣው መሪው ጓደኛ ነው። ባዝራዋ ጠርዙ ላይ ስትደርስ ትቆማለች፤ ጆሮዎቿ ወደ ፊት ይቀሰራሉ፣ አፍንጫዋን ወደ ወለሉ አውርዳ ታሸታለች፣ አንድ ሰኮናዋን አንሥታ እንጨቱን ትኮረኩማለች፣ ድምፁ ባዶ ሆኖ ሲሰማት እግሯን ትመልሳለች። እዚህ ላይ በአለንጋ የቸኮለ ሰው የሳምንታቱን ልፋት በአንድ ምት ያጠፋዋል፤ የሚታገሥ ግን ጓደኛዋ ከውስጥ ሲያናፋ ወይም ሲያሽካካ ሰምታ ራሷ ስትገባ ያያል። በጉዞው ላይ እግሯን አንፈራጥጣ ሚዛኗን እንድትጠብቅ ሰፊ ቦታ፣ አንገቷን ዝቅ እንድታደርግም የላላ ገመድ ያስፈልጋታል፤ ሹፌሩም ፍሬን በድንገት የማይዝ ሰው መሆን አለበት።

በአዲሱ ቦታ ከሰፊው ሜዳ በፊት ትንሽ ግቢ ይቀድማል። ባዝራዋ በእጅ እየተመራች አጥሩን ተከትላ በግራም በቀኝም ትዞራለች፤ ውኃው የት እንዳለ አፏን እስከ ገንዳው አድርሰው ያሳዩአታል፤ ገንዳውና ግርግሙም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቦታቸው አይነቃነቁም። በገንዳውና በአጥሩ ዙሪያ የሚበተን ጠጠር ከመጋጨቷ በፊት በሰኮናዋ ያስጠነቅቃታል። እሾሃማ ሽቦ፣ ክፍት ጉድጓድና የተጣለ ፌስታል ከግቢው ይወገዳሉ፤ ፌስታሉ በተለይ ተበልቶ አንጀት ስለሚዘጋ። ከቀድሞው ግቢ የተጫነ ድርቆሽ ከአዲሱ ጋር እየተቀላቀለ ከሰባት እስከ ዐሥር ቀን ይሰጣል፤ መኖ በአንድ ጊዜ ሲለወጥ ፈረስን የሚገድል የሆድ ቁርጠት ይነሣልና። በዚያ ያሉ ነባር ፈረሶች በሽታ እንዳይጋቡ፣ እንዳያባርሯትም፣ ለሁለትና ሦስት ሳምንት ከአጥር ማዶ ይቆያሉ፤ እርሷና አብረዋት የመጡት ግን ከመጀመሪያዋ ሌሊት ጀምሮ በአንድ ጋጣ ያድራሉ።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ጠጠሩ ቢቀር፣ ግቢው ቢጠብ፣ ልምምዱም ቢያጥር ባዝራዋ ልትቋቋመው ትችላለች። ጓደኛዋን ማጣት ግን በሌላ ነገር አይካካስም። ፈረስ ያለውና ከሰፈሩ የሚነሣ ሰው ባዝራዋን ብቻ የሚቀበል ቦታ ቢያገኝ፣ ሁሉንም በአንድነት የሚቀበል እስኪገኝ ድረስ የአይሱዙውን ቀጠሮ ማራዘሙ ይሻለዋል።