ነፃው ሶፍትዌር ስለ ምን አልተስፋፋም?

«ነፃ» የሚለው ቃላችን ሁለት ነገር ይናገራል። አንዱ ዋጋ የማይጠየቅበት ማለት ሲሆን፣ ሁለተኛው ጌታ የሌለበት ማለት ነው። ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 የነፃ ሶፍትዌርን እንቅስቃሴ ሲጀምር ያሰበው ሁለተኛውን ነበር፤ ይኸውም ማንም ሰው ፕሮግራሙን እንዲጠቀምበት፣ የውስጥ አሠራሩን እንዲመረምር፣ እንዲያሻሽለውና ለሌላው እንዲያካፍል ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊነክስ ዛሬ በኪሳችን ላለው አንድሮይድ ስልክ መሠረት ሆኗል። ታዲያ ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ባሉት ቢሮዎችና ፎቶ ኮፒ ቤቶች ጠረጴዛ ላይ ስለ ምን እምብዛም አናየውም?

አንደኛ፣ ባለዋጋውም በእኛ ዘንድ ያለ ዋጋ ስለሚገኝ ነው። ዊንዶውስና ኦፊስ ክራክ ተደርገው በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ። ሁለቱንም ሳይከፍል የሚያገኝ ሰው የለመደውን ይመርጣል።

ሁለተኛ፣ ሥራ የሚሠራው በቅብብል ነው። በሊብሬኦፊስ የጻፍነው የመመረቂያ ጽሑፍ በፎቶ ኮፒ ቤቱ ወርድ ሲከፈት ሠንጠረዡ ሊዛባ ይችላል። ስለዚህ ተማሪው አታሚውን፣ አታሚው መሥሪያ ቤቱን እያየ ሁሉም ባለበት ይቆማል።

ሦስተኛ፣ ረዳት የለም። ወርድ ሲያስቸግረን ጎረቤታችን ያሳየናል፤ ሊነክስ ሲያስቸግረን ግን ማንን እንጠይቃለን? ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል የተባለው ይፈጸማል።

ነገሩ እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም። ቀድሞ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው ለፊደላችን የየራሳቸውን ኮድ ይሰጡ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ለሁሉም ክፍት በሆነው በዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ግን የጋራ መሠረት አገኘ። በተዘጋ ዕቃ የተቀመጠ ጽሑፍ ቁልፉ በባለቤቱ እጅ መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ነፃው ሶፍትዌር በአገራችን ሥር ሊሰድ እንደሚችልም ምስክር አለን። የጤና ሚኒስቴር ከጤና ተቋማት ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተወለደ ነፃ ሶፍትዌር ነው። የተስፋፋውም ዋጋ ስለሌለው ብቻ ሳይሆን፣ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀብሎት ሠራተኞቹን ስላሠለጠነበት ነው።

እንግዲህ የጎደለው አለኝታ ነው። የትምህርት ክፍሎቻችን በነፃው ፕሮግራም የተጻፈውን ሥራ ቢቀበሉ፣ እኛም የምናውቀው ለማያውቀው በሳምንት አንድ ሰዓት ብናሳይ ጅምሩ ይገኛል። በክራክ የሚገኘው ዋጋን ያስቀራል እንጂ ነፃነትን አያስገኝም።