ስለ ጋሞ ቆዳ አልፊዎችና ስለ ሲቀላ የጫማ ገበያ

ሲቀላ የአርባ ምንጭ የታችኛው ከተማ ናት። ሸቻ የመሥሪያ ቤቶች ሰፈር እንደ ሆነች ሁሉ፣ ሲቀላ የነጋድያን ሰፈር ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚመጣው ጫማ የሚራገፈው በሲቀላ ነው፤ ከጋሞ ደጋ የሚሰበሰበውም ጥሬ ቆዳና ሌጦ በዚያው መንገድ ወደ መካከል አገር ይወጣል። ደረሰኝ በመጻፍና ሒሳብ በመያዝ የሚተዳደር ሰው የወጪውንና የገቢውን መዝገብ ጎን ለጎን ሲመለከት፣ በሁለቱ መካከል የአገሬው እጅ እንደ ጎደለ መገንዘብ አያዳግተውም።

እጁስ አልጠፋም። በጋሞ ደጋ ቆዳ ማልፋት ደጋላ የሚባሉት ቤተሰቦች ሙያ ሲሆን፣ ልጅ ከአባቱ ሥር ሆኖ ይማረዋል። በተለይ በቦረዳ በኩል ያሉት አልፊዎች የዓለምን ሊቃውንት ያስደነቀ ሥራ አላቸው። ቆዳውን በእንጨት መወጠሪያ ላይ ወጥረው ሥጋና ስቡን የሚፍቁት በብረት ሳይሆን፣ ራሳቸው ጠርበው ባዘጋጁት ባልጩት ነው። ድንጋዩ በእንጨት እጀታ ላይ በሙጫ ይጣበቃል፤ አንዳንዱ እጀታ በግራና በቀኝ ሁለት ድንጋይ ይይዛል። ስለቱ ሲዶለዱም እንደ ገና ይጠረባል፤ ተጠርቦ ሲያልቅም በሌላ ይተካል። ካትሪን ዊድማን የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ቅርስ ሊቅ በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ወደዚህ አገር መጥተው ይህንኑ ሥራ አጥንተዋል። የጥንት ሰው የድንጋይ መሣሪያውን እንዴት ይይዝና ይስል እንደ ነበር በሕያው እጅ ከሚታይባቸው ጥቂት የዓለም ቦታዎች አንዱ ይህ ነውና።

ሊቃውንቱ ባሕር ተሻግረው ያከበሩትን ሙያ ጎረቤት ግን ሲንቀው ኖሯል። ቆዳ የሚያለፋ ሰው ከገበሬ ወገን አይጋባም፣ መቃብሩም ይለያል፣ የራሱም መሬት አልነበረውም። የየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የመሬቱን ነገር አሻሻለው፤ የጋብቻውንና የማዕዱን ንቀት ግን አዋጅ ብቻውን አይሽረውም። «ፋቂ» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ለስድብ ይውላል። እንግዲህ ልጅ የአባቱን ሙያ ቢሸሽ በምን ይፈረድበታል?

ሁለተኛው ችግር ገበያ ነው። የደጋላ ሥራ በአብዛኛው የመኝታ ቁርበት ሲሆን፣ ፍራሽ በየገጠሩ ሲገባ ፈላጊው ቀነሰ። ጥሬ ቆዳውም ወደ ፋብሪካ ማምራት ጀመረ። መንግሥት በ2000 ዓ.ም. ወደ ውጭ በሚሸጥ ጥሬና በከፊል በተዘጋጀ ቆዳ ላይ 150 በመቶ ቀረጥ ጣለ፤ በ2004 ዓ.ም. ክራስት የሚባለውን ጨመረበት። ያለቀለት ዕቃ በአገር ውስጥ ይሠራ ዘንድ ነበር የታሰበው። ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የጥሬው ዋጋ እጅግ ወድቆ፣ በበዓል ማግሥት ቆዳ በየመንገዱ ተጥሎ እስከ መታየት ደረሰ። ይህ ለነጋዴ ኪሳራ ከመሆኑም በላይ፣ ለሚያውቅበት እጅ የባከነ ሀብት ነው።

የጫማ ስፌት ሙያ በአዲስ አበባ እንዴት እንደ ተስፋፋ ማስታወስ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በ1930 ዓ.ም. ገደማ አርመናውያን ነጋድያን ሁለት የጫማ ፋብሪካዎች አቋቋሙ። በእነርሱ ዘንድ ሙያውን የቀሰሙ ሠራተኞች እየወጡ የየራሳቸውን ቤት ከፈቱ፤ የመርካቶ ጫማ ሰፊዎች ከዚህ ሥር የበቀሉ ናቸው። በ1993 ዓ.ም. ገደማ የቻይና ጫማ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ጠፉ ተብለው ነበር፤ ዳሩ ግን ቆዳውን፣ ስፌቱንና ሞዴሉን አሻሽለው ገበያቸውን መልሰው ያዙ። ከዚያም ወይዘሮ ቤተልሔም ጥላሁን በ1997 ዓ.ም. በዘነበ ወርቅ ሰፈር ሶልሬብልስን አቋቁመው፣ ከአሮጌ ጎማ የሚሠራውን የድሃ በረባሶ መነሻ አድርገው በእጅ በተፈተለ ጥጥ አሳምረው ለውጭ አገር ሸጡት። የተናቀ ሥራ በዶላር ሲሸጥ ያየ ሰው ስለ ደጋላም ተስፋ ቢያደርግ አያስገርምም።

በጋሞ ደጋ ደግሞ ጫማ ለጌጥ ብቻ አይደለም። በእሳተ ገሞራ አለት ላይ በተፈጠረው ቀይ አፈር ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር የሚሄድ ገበሬ ዝሆኔ በሚባለው የእግር እብጠት ሊያዝ ይችላል። ይህ በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ከልጅነት ጀምሮ እግርን በመታጠብና ጫማ በማድረግ ይከላከሉታል። አንዴ ያበጠ እግር ግን ከሱቅ መደርደሪያ በሚነሣ ቁጥር ስለማይገባ፣ በልኩ የሚሰፋለት ሰው ያስፈልገዋል።

አንድ ጥንቃቄ መነገር አለበት። የደጋላው ቁርበት ተፍቆና ታሽቶ የለሰለሰ እንጂ በፋብሪካ ኬሚካል የለፋ ባለመሆኑ፣ እርጥበት ሲያገኘው ይበላሻል፤ ስለዚህ እንዳለ ለጫማ ላይኛ ክፍል አይሆንም። የሚያስፈልገው ቆዳ የሚያውቀውን እጅ ከለፋ ቆዳ፣ ከፎርማና ከጥሩ ሶል ጋር ማገናኘት ነው። ወስፌው፣ ክሩና ማስቲሹ ከሱቅ የሚገኙ ናቸው። የለፋውን ቆዳ ከፋብሪካ አስመጥቶ በዱቤ የሚሰጥ፣ ለመነሻም አንድ ደርዘን ጫማ በእግር ልክ የሚያዝ ነጋዴ ቢገኝ፣ ከአባቱ ጋር የሚሠራ አንድ ወጣት ወደ ሊስትሮ ሣጥን ከመሄድ ይልቅ መርፌውን ሊያነሣ ይችላል።