ከኤቨረስት ቆሻሻ የሚያወርደው ኮሚቴ

ኤቨረስት ሲነሳ ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው ጫፉ ነው። ከሥሩ ባለው የኩምቡ ሸለቆ ግን ሼርፓዎች ድንች ይተክላሉ፣ ያክ ያረባሉ፣ በየዓመቱም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እንግዳ ያስተናግዳሉ። እንግዳው ሲሄድ የቢራ ጣሳው፣ የብስኩት ላስቲኩና ያለቀ ባትሪው እዚያው ይቀራል። ይህን ጣጣ የተረከበው የሳጋርማታ ብክለት መቆጣጠሪያ ኮሚቴ ነው፤ ሳጋርማታ የኤቨረስት የኔፓል ስሙ ነው። ኮሚቴውን በ1991 (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያቋቋሙት የአካባቢው ተወላጆች ናቸው።

የሥራው ክብደት ከከፍታው ይመጣል። የሸለቆው ገበያ ናምቼ ባዛር ከባሕር ወለል በላይ 3,440 ሜትር ላይ ነው፤ የተራራ ወጪዎቹ መነሻ ቤዝ ካምፕ ደግሞ 5,364 ሜትር ላይ። በዚያ ብርድ የምግብ ትራፊ እንኳ ቶሎ አይበሰብስም። እንዳይቀብሩት መሬቱ ዐለትና በረዶ ነው፤ ሁሉንም እንዳያቃጥሉት የፕላስቲኩ ጭስ ይመርዛል፤ በመኪና እንዳይጭኑት ናምቼ የሚደርስ የመኪና መንገድ የለም። ያለው ዋና አማራጭ በሰው ጀርባና በያክ እስከ ሉክላ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከዚያም በአየር ወደ ካትማንዱ ነው።

ስለዚህ ኮሚቴውን ከመጥረጉ ይልቅ ማውረዱ ያደክመዋል። በእግር መንገዶቹ ዳር ማጠራቀሚያ አቁሞ የሚቃጠለውን ከማይቃጠለው ይለያል። የቤዝ ካምፑ ዐይነ ምድር በበርሜል ተሞልቶ፣ በኪሎ በሚከፈላቸው ተሸካሚዎች ጀርባ ይወርዳል። በቅርቡ ደግሞ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ተጓዥም ታስቧል፦ ናምቼ ላይ አንድ ኪሎ ቆሻሻ የያዘች ከረጢት ተቀብሎ ሉክላ ላይ የሚያስረክብበት አሠራር ተጀምሯል።

ደንብም ተጨምሯል። የጠርሙስ መጠጥ ከ1998 ጀምሮ በሸለቆው የተከለከለ ነው። በ2014 ደግሞ የኔፓል መንግሥት እያንዳንዱ የኤቨረስት ተራራ ወጪ 8 ኪሎ ቆሻሻ ይዞ እንዲወርድ ደነገገ፤ የተራራ ወጪዎቹ ቡድንም 4,000 ዶላር ያስይዝ ጀመር። ማስያዣው በአብዛኛው ተመልሷል፤ ከላይኞቹ ካምፖች ግን ድንኳኑና የኦክስጅን ጋኑ አልጠፋም። ስምንቱን ኪሎ ከታችኛው ካምፕ መሙላት ይቀላልና። ሚዛኑ የጠየቀው ክብደትን ብቻ ነበር፤ ተራራ ላይ ግን የቆሻሻ ዋጋ የሚቆረጠው ከየት ከፍታ እንደ ወረደም ታይቶ ነው።