የምጣድ ጥቁረት፦ የሚጠበቀውና የሚጠረገው

በጋይንት የምትገኘው፣ በድጓ ትምህርት የታወቀችው ቤተ ልሔም የስሟ ትርጉም «የእንጀራ ቤት» ነው። በዚያ አገር፣ ከጋይንት እስከ ስማዳና እስቴ፣ እንጀራ የሚጋገርበት የሸክላ ምጣድ ሁለት ጥቁር ገጽ አለው፤ አንዱ ሊጡ የሚፈስበት የላይኛው፣ ሌላው እሳት የሚነካው የታችኛው ነው። ለዓይን ይመሳሰላሉ፤ በተፈጥሯቸው ግን ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው።

የላይኛው ጥቁረት ቆሻሻ አይደለም። አዲስ ምጣድ ሲሟሽ በተፈጨ ጎመን ዘር ይታሻል። የዘሩ ቅባት 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲግል ሞለኪውሎቹ ከኦክሲጅን ጋር ተዋሕደው እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ፤ የሸክላውን ጥቃቅን ቀዳዳዎች የሚደፍን ጠንካራ ፖሊመርም ይሆናሉ። እንጀራው ሳይጣበቅ የሚነሣው በዚህ ምክንያት ነው። እናቶቻችን ይህን ኬሚስትሪ ስሙን ሳይጠሩ ሲሠሩበት ኖረዋል። ስለዚህ ይህን ገጽ በሳሙናና በሽቦ መፈግፈግ ምጣዱን ማራቆት ነው፤ በማሰሻ መጥረግ ይበቃል። በጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስማ የባሰ ነው። ሸክላ ሙቀትን በዝግታ ስለሚያስተላልፍ የረጠበው ገጽ ፈጥኖ ሲኮማተር ውስጡ እንደተለጠጠ ይቆያል፤ ምጣዱም ይሰነጠቃል።

የታችኛው ጥቁረት ግን ጥቀርሻ ነው፤ ይኸውም ሳይቃጠል የቀረ ካርቦን። ስስ ጥቀርሻ የእሳቱን ጨረር በሚገባ ስለሚቀበል አይጎዳም። ሲወፍር ነገሩ ይገለበጣል። ልል ጥቀርሻ ሙቀት የማስተላለፍ ዐቅሙ ከሸክላው አንድ ዐሥረኛ ገደማ ስለሆነ፣ 1 ሚሊ ሜትር ጥቀርሻ በምጣዱ ሥር 1 ሴንቲ ሜትር ሸክላ እንደ መለጠፍ ይቆጠራል። ምጣዱ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቢኖረው፣ ሙቀቱ የሚያልፍበት መንገድ በግማሽ ረዘመ ማለት ነው። ዕዳው የሚከፈለው በማገዶ ነው፤ የማገዶው ሸክም ደግሞ በአብዛኛው የሚያርፈው በሴቶችና በልጃገረዶች ጀርባ ላይ ነው። ጥቀርሻው ምጣዱ ሲቀዘቅዝ፣ ከደጅ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ በደረቅ መጥረጊያ በቀስታ ቢራገፍ መልካም ነው።

ጥቀርሻ ከየት ይመጣል? በዋናነት ከአየር እጥረት። የላይ ጋይንቷ ነፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ በአንድ ሊትር አየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅንም በተቀራራቢ መጠን ያንሳል። (ምድጃም ነፋስ መውጫ ያስፈልገዋል፤ ነፋስ መግቢያም ጭምር።) ከሲሚንቶና ከአሸዋ በሚሠራው ምርት ምድጃ ውስጥ አመድ ሲከማች የአየሩ መንገድ ይጠባል፤ ጭሱና ሽታ የሌለው መርዛማው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይበዛሉ፤ ጥቀርሻው ይወፍራል፤ ምጣዱ አልግል ሲል ማገዶ ይጨመራል፤ አየሩም ይብስ ያጥራል። ምርት ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ይቆጥባል፤ አመዱ ካልተጠረገ ግን ይህን ቁጠባ መጠበቅ አይቻልም።

መብራት በገባበት ቤት ጥቀርሻና አመድ ይቀራሉ፤ ጥንቃቄው ወደ መሰኪያው ይዛወራል። 3500 ዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል። የላላ ወይም የዛገ መሰኪያ 0.5 ኦም ተቃውሞ ቢኖረው፣ በዚያች ነጥብ ብቻ 128 ዋት ያህል ሙቀት ይፈጠራል፤ ፕላስቲክ ለማቅለጥ ይበቃል። ምጣዱን ከማጽዳት በፊት መሰኪያውን መንቀል፣ ሽቦው ወዳለበት ሥሩም ውኃ አለማስጠጋት ግድ ነው። ከጋገራ በኋላ መሰኪያው ካተኮሰ፣ ቀጣዩ ጋገራ ሳይጀመር በባለሙያ ይለወጥ።