ተጨማሪ መረጃ፦ ማንዴላና ታምቦ፣ ጠበቆች

በጆሃንስበርግ፣ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ቻንስለር ሃውስ የሚባል ሕንፃ አለ። ኔልሰን ማንዴላና ኦሊቨር ታምቦ እ.ኤ.አ. በ1952 በጋራ የጥብቅና ቢሮ የከፈቱት እዚህ ነው። ጥቁር ጠበቆች በሽርክና ያቋቋሙት የመጀመሪያው የደቡብ አፍሪካ የሕግ ቢሮ ነበር።

ሁለቱ የሚተዋወቁት ከፎርት ሄር ኮሌጅ ጀምሮ ነው። ታምቦ ወደ ሕግ ከመዞራቸው በፊት ሂሳብና ሳይንስ ያስተምሩ ነበር።

ጠዋት ጠዋት ባለጉዳዩ ከመጠበቂያ ክፍሉ ተርፎ መተላለፊያውን ይሞላው ነበር። አንዱ ጥቁሮች እንዲይዙት ይገደዱ የነበረውን የይለፍ ደብተር ሳይዝ ተገኝቶ ተከሷል፤ ሌላው “ለነጮች ብቻ” በተባለ በር ገብቷል፤ ሌላዋ ደግሞ ከኖረችበት መሬት ልቀቂ ተብላለች።

በ1954 የትራንስቫል የሕግ ማኅበር ማንዴላ በፖለቲካ እንቅስቃሴያቸው ምክንያት ከጠበቆች መዝገብ እንዲሰረዙ ጠየቀ፤ ፍርድ ቤቱ ግን ጥያቄውን ውድቅ አደረገው። በ1956 ሁለቱም በአገር ክህደት ተከሰው ታሰሩ። ታምቦ በ1960 ተሰደዱ፤ ቢሮውም ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ።

ቻንስለር ሃውስም በ2011 ታድሶ ለጎብኚዎች ተከፍቷል።