ዳሊያን ከክረምት ውሃ ስለ መጠበቅ

የአውሮፓ የአትክልት መጻሕፍት፥ ዳሊያን ውርጭ እንደ መታው ሥሩ ተቆፍሮ በቤት ውስጥ እንዲቀመጥ ያዝዛሉ። ምክሩ ለአገራቸው ትክክል ነው። ነገር ግን ዳሊያ የሜክሲኮ ደጋ ተወላጅ ነው፤ በዚያም እንደ አዲስ አበባ በሐምሌና በነሐሴ ይዘንባል፥ በታኅሣሥና በጥር ይደርቃል። ስለዚህ በእኛ ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ ሥሩን የሚገድለው ብርድ ሳይሆን በዋልካ መሬት ላይ የሚተኛው የክረምት ውሃ ነው፤ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። (እኔም ሦስት ሥር ያጣሁት በዚሁ ነው።)

ስለ ሆነም ሰኔ ሳይገባ መደቡን አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ማድረግ፥ አፈሩን በበሰበሰ ፍግ ማላላት፥ በዙሪያው ቦይ ማበጀት ያስፈልጋል። አበባው አልቆ ግንዱ ሲደርቅ ቆርጦ ውሃ መተው ነው። ማባዛት የሚሻ በግንቦት ይከፋፍለው፤ ከአሮጌው ግንድ አንገት ላይ ዓይን ይዞ ያልወጣ ሥር ግን የቱንም ያህል ቢወፍር አይበቅልም።