የጥንት ሰንጠረዥ ተጫዋቾችን ማንነት ስለ መመርመር

ስም ምስክር ነው፤ ነገር ግን ምስክር ሁሉ ሳይመረመር አይታመንም። በአዲስ አበባ በደቡብ በኩል ያለው ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ ወሬ ከሚያስተላልፈው ስልክ ነው። ይህን የማያውቅ እንግዳ ስሙን በመጽሐፍ ቢያገኘው፥ ብርቱ ነፋስ የሚነፍስበት ቦታ መስሎት ይሳሳታል። በጥንት ጽሑፍ የሚገኝ የሰው ስምም እንደዚሁ ነው። የሰንጠረዥ ተጫዋቾች ነገር ለዚህ መልካም ምሳሌ ይሆናል።

በአውሮፓ ሰዎች ተራርቀው ሳሉ በደብዳቤ ሰንጠረዥ የመጫወት ልማድ አላቸው። አንዱ የተጫወተውን ጽፎ ይልካል፥ ሁለተኛውም መልሱን ጽፎ ይመልሳል። የለንደንና የኤዲንብራ ማኅበሮች ከ1824 እስከ 1828 ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር እንዲህ ተጫውተው ኤዲንብራ አሸነፈ። (ከዚህ በኋላ ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) እንዲህ ያለው ጨዋታ በወረቀት ላይ ስለሚቀር፥ የተጫዋቹ ስም በአንድ ፊደል ብቻ ተጽፎ ቢገኝ እንኳ ከከተማው፥ ከዘመኑና ከማኅበሩ መዝገብ ጋራ እያስተያዩ ማንነቱን መፈለግ ይቻላል።

የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ግን ከዚህ ይለያል። በጨዋታው መጀመሪያ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ፥ አንዱ የሌላውን እስኪገድል ድረስ፥ መደቃቸውንና ፈረሳቸውን በየፊናቸው ያንቀሳቅሳሉ። ይህ ወረራ ይባላል። ተራ የሌለውን ነገር በተራ ጽፎ በደብዳቤ መላክ አይቻልም። ስለዚህ ጨዋታው ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚጫወቱት ሆኖ ኖረ፤ ሲፈጸምም ወሬው በተመልካቹ አፍ ቀረ። የተጫዋቾቹ ስም የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሌላ ጉዳይ የሚጽፍ ሰው በመንገዱ ላይ ሲያነሣው ነው።

በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አሌሳንድሮ ዞርዚ የሚባል የቬኒስ ሰው ወደ ኢጣልያ የመጡትን ኢትዮጵያውያን መነኰሳት እየጠየቀ የአገራቸውን መንገድና ወሬ ይጽፍ ነበር። በዚያ ጽሑፍ ቢቺኒ የሚባል የቬኒስ ሠዓሊ ከኢትዮጵያ ንጉሥ ጋራ ሰንጠረዥ ይጫወት እንደ ነበር ይገኛል። የሠዓሊው የፊት ስም ጎርጎርዮ ወይም ሂሮኒሞ ተብሎ በሁለት መልክ ተመልክቷል። የንጉሡም ነገር ቀላል አይደለም፤ አውሮፓውያን የኢትዮጵያን ነገሥታት ሁሉ ፕሬስተር ጆን ይሏቸው ነበርና፥ የትኛው ንጉሥ እንደ ሆነ የሚያስታውቀው ዘመኑ ነው። ዘመኑ ሲታይ ንጉሡ ዐፄ ልብነ ድንግል ናቸው። እርሳቸውም ዳዊትና ወናግ ሰገድ ተብለው ይጠራሉ። ይህን የማያውቅ አንባቢ አንዱን ንጉሥ ሦስት አድርጎ ይቈጥራቸዋል።

ተቃራኒውም ስሕተት አለ። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ የመጡት ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ኒኮሎ ብራንካሌዮን የሚባል ሌላ የቬኒስ ሠዓሊ በኢትዮጵያ አግኝተዋል። ይህ ሰው በአገራችን መርቆሬዎስ ይባል ነበር። አገራቸውና ሥራቸው አንድ ስለ ሆነ ብቻ ሁለቱን ሠዓሊዎች አንድ ሰው ማድረግ አይገባም።

እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ደግሞ በ1805 ወደ ትግሬ በመጣ ጊዜ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቶ ጽፏል። ራሱ በ1816 ያረፉት የእንደርታው ወልደ ሥላሴ መሆናቸው በማዕረጋቸው፥ በአገራቸውና በዘመናቸው ይታወቃል። በ1860 የሞተው ቆንሲል ዋልተር ፕላውደንም ስለ ጨዋታው የጻፈው በ1868 ታትሟል። ነገር ግን ስማቸው የተጻፈ ተጫዋቾች ጥቂት ናቸው፤ ከታላላቆቹ ጋራ የተጫወቱት፥ ምናልባትም ያሸነፏቸው፥ አብዛኞቹ ያለ ስም ቀርተዋል።

እንግዲህ መርማሪ ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች እነዚህ ናቸው። አንደኛ፥ ማዕረግ ይለወጥ ነበር፤ ትናንት ደጃዝማች የነበረው ዛሬ ራስ ይሆን ነበር። ሁለተኛ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው እንደ ተባሉ፥ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። ሦስተኛ፥ የእኛ ዘመን ቍጥር ከአውሮፓ በ7 ወይም በ8 ዓመት ያንሳል፤ ይህ ከተዘነጋ አባት በልጁ ቦታ ይገባል። አራተኛ፥ የባዕድ ሰው የአገራችንን ስም የሚጽፈው እንደ ሰማው ነው። አምስተኛውም ከሁሉ የሚበልጠው ነው፤ ግምት ግምት ተብሎ ይጻፍ። ያለ ስም የቀረን ሰው በሌላ ሰው ስም መጥራት፥ ሁለቱንም መበደል ነው።

በ1935 የፋሺስት ጦር አገራችንን ከወረረ በኋላ ይህ ጨዋታ እየተረሳ ሄደ። ሪቻርድ ፓንክረስት ታሪኩንና ሥርዐቱን በ1971 ጽፈው ስላሳተሙት ሕጉ ከመጥፋት ድኗል፤ የተጫዋቾቹ ስም ግን በየቤቱ ተበትኖ ቀርቷል። በንፋስ ስልክና በላፍቶም ሆነ በሩቅ ገጠር ያለ መምህር ተማሪዎቹን ወደ አዛውንት ቢልክ፥ «አባትዎ ወይም አያትዎ ሰንጠረዥ ይጫወቱ ነበርን? ከማን ጋራ? በማን ቤት? በየትኛው ዘመን?» ብለው ይጠይቁ። የሰሙትንም ከነአባት ስሙ፥ ከነአገሩና ከተናጋሪው ስም ጋራ በደብተር ይጻፉ። አዛውንትም ያዩትንና የሰሙትን ለይተው ይንገሯቸው። ዞርዚም ያደረገው ይህንኑ ነበር፤ ከመንገደኛ ጠይቆ ጻፈ፥ የቢቺኒም ስም እስከ ዛሬ ደረሰ።